ለአባ ተክሌ የተሸከምሁት ድንጋይ

የእርቅ ድንጋይ ተሸክማችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ላልተሸከማችሁ ልንገራችሁ፤ ከድንጋዩ ይልቅ የሚከብደው ጎንበስ ብሎ መሄዱ ነው። አንገት ቀና አይልም። መንገዱም፣ ሰማዩም፣ ሰውም አይታይም፤ የሚታየው ከፊት የሚሄደው ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። እኔም ያን ቀን ከየካ በላይ ካለው መንደራችን እስከ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ድረስ ዳገቱን ሙሉ ያየሁት የአያ ደስታን ተረከዝ ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝ ነው። እስካሁን ዐይኔ ላይ አለ።

ነገሩ ግን ከተረከዝ አይጀምርም። ከእናቴ ይጀምራል።

እናታችን ከፋሲካ በኋላ ሞተች። ምን እንደ ገደላት የነገረን ሰው የለም። እየነጣች ሄደች። ከንፈሯ ነጣ፣ ጥፍሯ ነጣ። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ እንስራዋን አውርዳ ደጋግማ ትቀመጥ ነበር። "ዕድሜ ነው" ትለናለች። ዕድሜዋ ያን ያህል አልነበረም። አንድ ቀን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። አባታችን በዘመቻ ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ታላቅ እህቴ አስካለ ነን። እኔ እታለም እላታለሁ። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስትስቁ እንዳትረሱት ነው።

እኔ ያን ጊዜ ዜማ ቤት ጨርሼ ባሕረ ሐሳብ ጀምሬ ነበር። የጾሙና የበዓሉ ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። ዓመቱን ንገሩኝ፤ ጾሙ የሚገባበትን ቀን፣ ጨረቃዋ የምትሞላበትን ሌሊት ጣቴን አጥፌ ዘርግቼ አወጣላችኋለሁ። አያ ደስታ በሰው ፊት ይፈትኑኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ስላለችው እህቴ ወር ግን... እንዴት ልበል... እሱ የሚቆጠር ነገር መሆኑንም አላሰብሁም።

በእናታችን ተዝካር ቀን ነው ጠብ የመሰለኝ ነገር የተፈጠረው። የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ጠላውን ቀመሱና ዋንጫውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉ።

"ይህ ጠላ ነው ወይስ ጠላ የታጠበበት?" አሉ።

ሰው ሳቀ። እታለም ማድጋውን እንደ ያዘች ቆማ፣ "ጥሩ ጠማቂዋን ቀብረናት መጣን፣ አባ" አለቻቸው።

ሳቁ ቆመ። አባ ተክሌም ዝም ብለው ጠጡት።

ከዚያ በሰኔ ኪዳነ ምሕረት እታለም ቅጥር ግቢ አልገባችም። ከበሩ ውጭ፣ ብቻውን ከቀረው ጥድ ሥር ቆመች። (ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ካደረጉ ወዲህ ጥዱ ሁሉ ለቤትና ለማገዶ አልቋል፤ ይህ አንዱ የተረፈው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው።) በሐምሌ ሥላሴም እዚያው ቆመች። በገብርኤልም። ፍልሰታ ገባ፤ አገር ምድሩ በየቀኑ ሲያስቀድስ እሷ ገሳ ደርባ ዝናብ ላይ ናት። ሴቶቹ አይተዋት ያልፋሉ። ወንዶቹ ወደ ሌላ ያያሉ።

ሕጉን አላውቅም አልልም። ሴት በወሯ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ እንደምትቆም ሕፃንም ያውቃል። ግን እሱ መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። ይህ አልሄደም። ስለዚህ እሱ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ነገር ነው ብዬ ደመደምሁ። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አይደለሁ? ስሌቴ ልክ መሰለኝ። ሌላው ነገር ደግሞ ጠላው ነው።

"እታለም፣ ከአባ ተክሌ ጋር ተቀያይማችኋል?" አልኋት።

"እኔ? በምን?"

"ታዲያ ለምን ውጭ ትቆሚያለሽ?"

ትንሽ አየችኝ። "አየሩ ይሻለኛል" አለች።

ዶፍ ነው የሚዘንበው። አየሩ ይሻለኛል ትላለች። ቂም ካልሆነ ምን ይባላል?

ወደ አያ ደስታ ሄድሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጠብ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ። አገር ሰላም ሲሆን ይከፋቸዋል። የእርቅ ድንጋይ ላይ ያላቸው ዕውቀት እኔ ጨረቃ ላይ ካለኝ አይተናነስም፤ ለስድብ የትኛው፣ ለድንበር የትኛው፣ ለደም የትኛው እንደሚመጥን አንሥተው ሳይመዝኑ ያውቃሉ።

"ምን አለቻቸው?"

ነገርኋቸው።

"ይህማ ስድብም አይደለም" አሉ ቅር ብሏቸው። ከዚያ አሰቡበትና፣ "ግን ካህን ናቸው። ለካህን ከፍ ይደረጋል" ብለው ከአጥሩ ሥር አንድ የዳቦ ቁራሽ የሚያህል ድንጋይ አነሡ።

"ያንሳል" አልሁ።

"ልጄ፣ ለጠላ ይህ ይበዛል።"

"ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ያስቆመ ቂም ነው፣ አያ።"

ጠፍጣፋውን አየሁ። ከብቶች ሲወጡ የሚረግጡት፣ ሰው ቢቀመጥበት ሰፋ የሚል። አያ ደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ተሸክመህ ያየህ ሁሉ ነፍስ አጥፍተሃል ይላል።"

"ይበል።"

አሉም። አያ ደስታ የዳቦዋን ቁራሽ አንገታቸው ላይ አድርገው ከፊት፣ ሌላ ሽማግሌ ከኋላ፣ እኔ ከመሐል ሆነን በጭቃው ዳገቱን ስንወጣ፣ ያገኘን ሰው ሁሉ መንገድ ለቅቆ ያማትባል። አንዲት ሴት፣ "ወይኔ፣ የማንን ልጅ ነው?" ስትል ሰማሁ። መልስ ልስጥ ብዬ ቀና ስል ድንጋዩ ጀርባዬን ገፍቶ ጭቃው ላይ አስተኛኝ። ተነሥቼ እንደገና ተሸከምሁት።

አባ ተክሌ ከቅጥሩ አጠገብ ያለች የጎመን መደባቸውን ሲኮተኩቱ ደረስን። ሦስት ጎባጣ ሰዎች ሲመጡ አዩና መኮትኮቻውን ጣሉት።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ አባ" አሉ አያ ደስታ ወደ መሬት።

"ታዲያ ማን ገደለ?"

"ይማሩን፣ አባ! ስለ እመቤታችን ይማሩን!"

"ምሬአለሁ! ምሬአለሁ! ኧረ ምንድን ነው የማርሁት?"

አያ ደስታ በዚህ በጣም አዘኑ። "አባ፣ ትንሽ እንኳ እምቢ ይበሉ እንጂ! በዝናብ ነው የመጣነው!"

የጠላውን ነገር አስረዳን። አባ ተክሌ ረስተውታል። ሲያስታውሱት ሳቃቸው መጣ። "እውነቷን ነው። እናትህ ጥሩ ጠማቂ ነበረች" አሉ። "ታዲያ ይህን ምን አመጣው?"

"እታለም ከቂሙ የተነሣ ቅጥር አትገባም።"

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኔ ኪዳነ ምሕረት።"

"በመሐሉ አልገባችም?"

"አንድም ቀን።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "አያ ደስታ፣ ድንጋዩን እዚያ በሩ ጥግ አስቀምጡትና ዝናቡ ሳይብስ ሂዱ። እርቁ ሆኗል" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ጎመኑ መሐል ቆሜ ቀረሁ።

"እናትህ እዚያ ነበር የምትቆመው" አሉ ወደ ጥዱ እያዩ። "ባለፈው ዓመት። ብዙ ጊዜ። እኔ ትሕትና ነው ብዬ ነበር። ወጥቼ መስቀል አሳልማትና እመለሳለሁ። ምነው ቆየብሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።" እጃቸው ላይ ያለውን አፈር ያራግፋሉ፤ አፈሩ ከለቀቀም በኋላ ያራግፋሉ። "ልማደ አንስት ነው፣ ልጄ። ግን ልማድ መጥቶ ይሄዳል። ካልሄደ ልማድ አይደለም፤ ሕመም ነው።"

ጆሮዬ ጋለ። ከሀፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ቆይቶ ነው የገባኝ።

"ጠበል ላምጣት?"

"ደም እየፈሰሳት እንዴት ትገባለች? ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃታል። አንተ መጀመሪያ ሰው አሳያት። ታች የካ አዴ ጫልቱ አሉ፤ አዋላጅ ናቸው። ነገ አትበል።"

ቤት ስደርስ እታለም ባቄላ እየለቀመች ነበር። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ግድግዳው ላይ የእናታችን ነጠላ ተሰቅሏል። ወደ በሩ ዞርሁ።

"እታለም... ልማደ አንስት..." አልሁ።

ባቄላው መንጓጓቱን አቆመ።

"ማን ነገረህ?"

"አባ ተክሌ።"

"አባ ተክሌን ማን ነገራቸው?"

"እኔ።"

"አንተንስ?"

"አባ ተክሌ።"

"ምን ልታደርግ ሄድህ?"

"ድንጋይ ተሸክሜ። ለእርቅ። ከአያ ደስታ ጋር።"

ድምፅ ሳጣ ዘወር አልሁ። ሰፌዱን ጭኗ ላይ ይዛ ትስቃለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አያ ደስታም! በዚህ ዝናብ!" ትላለች። ከዚያ እንባው ቀረና ሳቁ ሄደ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማን? ላንተ? አንተ ጨረቃ ነው የምትቆጥር።" ባቄላውን በጣቷ ትበትናለች። "መጀመሪያ ቀርቶብኝ ነበር። ሐዘን ነው አልሁ። ኋላ መጣና እምቢ አለ። እስኪቆም ጠብቄ ጠበል ልገባ ነበር።"

"ጠበሉ ምን እንዲያደርግልሽ?"

"እንዲያቆምልኝ።"

ያለችውን ሁለታችንም ሰማነው።

"እማዬም እንዲህ ነበር የምትለው" አለች ቀስ ብላ። "ልብሷን የማጥብላት እኔ ነበርሁ። ማንም እንዳይሰማ ብላኛለች። እየጠበቀች ነበር።"

ሰፌዱን ልታስቀምጥ ተነሣች። መሐል ላይ ዐይኗን ጨፍና ምሰሶውን ያዘች። ከንፈሯን ያን ጊዜ አየሁት። በየቀኑ አየው የነበረ ከንፈር ነው። እንደ እናታችን ነጥቷል።

አያ ደስታ በቅሏቸውን ሰጡኝ። "ግን ስትመለስ የሆነውን ትነግረኛለህ" አሉ። እሺ አልሁ፤ ምን እንደምነግራቸው እንጃ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቁልቁል ወርዷል። መንገድ ላይ አንድ ጋሻ ያነገተ ሰው አስቁሞኝ፣ "ድንጋይ የተሸከምኸው አንተ ነህ? ማንን ነው የገደልኸው?" አለኝ።

እታለም ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ "ገና አልገደለም። አሁን እኔን ይዞ እየወረደ ነው" አለችው።

አዴ ጫልቱ ከወንዙ ማዶ ነው ቤታቸው። ገና ከበር ሲያዩዋት፣ "ኮቱ፣ ልጄ፣ ኮቱ" ብለው ወደ ውስጥ አስገቧት። እኔን ከበቅሎዋ ጋር ውጭ ተዉኝ። ግድግዳው ጭቃው የረገፈ ጭራሮ ነው፤ ሁሉ ይሰማል። ላለመስማት ብዬ ዜማ ጀመርሁ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"አንተ ደብተራ!" አሉ ከውስጥ። "ዝም በል፣ ልጅቷን ልስማት!"

ዝም አልሁ። ሰማሁም። ብዙ ጠየቋት። መቼ እንደ መጣ፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ፣ የረጋ ነገር እንዳለው፣ ሆዷን ይቆርጣት እንደሆነ፣ ስትነሣ ያዞራት እንደሆነ፣ ልብሷን ቶሎ ቶሎ ትለውጥ እንደሆነ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤታችን ተጠይቆ አያውቅም። እታለም መጀመሪያ በአንድ በአንድ ቃል ትመልስ ነበር፤ ኋላ እንደ ልቧ ታወራ ጀመር።

አዴ ጫልቱ እጃቸውን እየታጠቡ ወጡ።

"ስማ፣ ልጄ" አሉኝ። "የሴት ወር እንደ ጨረቃህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዷ ይቀድማታል፣ አንዷ ይቆይባታል። ሐዘን ያዘገየዋል። ረሃብ ያስቀረዋል፤ እህል በጠፋበት ጊዜ ስንቷ ቀርቶባት እህል ስትቀምስ ተመልሶላታል። ገና የጀመራት ልጅም፣ ልታቋርጥ የደረሰች ሴትም ይዛባባታል። ለዚያ እኔ አልጮህም፤ ታገሺ፣ ብዪ፣ ተኚ ነው የምል። እርግጥ ባል ላላት ሲቀርባት ሌላም ነገር አለ፤ ያንን አንተም ታውቃለህ።"

አላውቅም ልል ነበር። ተውሁት።

"ግን ሳያቋርጥ ሲፈስ፣ እንደ ጉበት የረጋ ሲወርድ፣ ስትነሣ ዐይኗ ሲጨልም፣ ከንፈሯ እንዲህ ሲነጣ፣ ወይም ካረጠች በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ መጠበቅ የለም። እህትህ ማህፀኗ አፍ ላይ ሥጋ በቅሏል። እኔ ልጅ አዋልዳለሁ፤ ይህን አልነካም። ለንጉሡ ሰዎች የመጣ ፈረንጅ ሐኪም አለ፤ ሌላ ሰውም ያያል ይላሉ።"

"የት?"

"እንጦጦ ነዋ። ተራራው ላይ።"

ከተራራው ነው የወረድነው። በቅሎዋ ጆሮዋን አጠፈች፤ የገባት ይመስለኛል። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ደርበው ከእኛ ጋር ወጡ። "ወንድ ሐኪም ብቻውን አያያትም" አሉ።

ሐኪሙ ቀይ ፊት ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከጎኑ አስተርጓሚ አለ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጫማ ያደረገ። ሐኪሙ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው አሳለ። ወደ እኔ አየ። ወደ ጣሪያው አየ።

"ሐኪሙ... ስለ አየሩ ይጠይቃል" አለ። "አየሩ ይስማማታል ወይ?"

እኔም፣ ያሳፍራል፣ "አየሩ ደህና ነው" አልሁ። አስተርጓሚው እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልሁ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ሁለታችንንም ያያል። አዴ ጫልቱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እታለም ግን ቀደመቻቸው።

"ስለ አየሩ አይደለም የሚጠይቀው" አለች። አስተርጓሚውን ዐይን ዐይኑን እያየች ነው። "ደሜ ከሰኔ ጀምሮ አልቆመም በለው። ስነሣ ይጨልምብኛል በለው። እናቴም እንዲህ ሆና ሞተች በለው። ሁሉንም በል። አንዱንም እንዳታስቀር።"

እናታችንን ምን እንደ ገደላት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰማሁ። በባዕድ ቤት፣ በማላውቀው ሰው ፊት። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም አለ። አላስቀረም።

መጋረጃ ጋረዱ። አዴ ጫልቱ አጠገቧ ነበሩ። ሥጋውን በሐር ክር አሥረው አወጡት፤ ትንሽ ነገር ነው አሉ አዴ ጫልቱ፣ የእንኮይ ፍሬ ያህል። ደሙ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። የእናታችን ይኸው ይሁን ሌላ አላውቅም። ማንም አላየውም። ብዙ ቀን ይህን አስባለሁ።

ሐኪሙ የብረት ጣዕም ያለው መድኃኒት ሰጣትና ሥጋ፣ ጉበት፣ ወተት ትብላ አለ። በፍልሰታ! ወደ አባ ተክሌ ሮጥሁ። አያ ደስታ ወሬውን ሊሰሙ ከኋላዬ ይሮጣሉ።

"አባ፣ ሥጋ ትብላ ይላል።"

"ትብላ" አሉ አባ ተክሌ። "ለታመመ ጾም የለም። እኔ ፈቅጃለሁ።"

አያ ደስታ እያለከለኩ፣ "ለዚህስ የትኛውን ድንጋይ እናምጣ?" አሉ።

"ኧረ አያ ደስታ፣ ስለ እግዚአብሔር!"

ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ እዚያው በሩ ጥግ ቀረ። የሚያነሣው ጠፋ፤ እኔ ለአንድ ጊዜ ይበቃኛል። መስከረም ሲጠባ ከቅጥሩ ውጭ የሚቆሙ ሴቶች ይቀመጡበት ጀመር። አባ ተክሌም ልማድ አወጡ። ከቅዳሴ ሲወጡ መስቀል ያሳልሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ባለፈውም እዚህ ነበርሽ፤ ደህና ነሽ?" ይላሉ። መጀመሪያ ሴቶቹ ደነገጡ። አባ ምን ነካቸው ተባለ። በኋላ አንዷ ደህና አይደለሁም አለቻቸው፤ በዚያው ዕለት ወደ አዴ ጫልቱ ወረደች።

በየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ በዓመቱ ንግሥ፣ እልልታው ሲቀልጥ እታለምን ከሴቶቹ መሐል ፈልጌ አጣኋት። ሰውን እየገፋሁ ወደ በሩ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

"እታለም! ምነው?"

"ምንም።"

"አየሩ ነው?"

"አየሩ አይደለም። የወሩ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ የመጣ። ዓርብ ይሄዳል።" ፊቷን አየሁት፤ ከንፈሯን አየሁት። ቀይ ነው። "እንዲህ እያፈጠጥህ አትየኝ፤ ሰው ያያል" አለች። ጠጋ አለችልኝ። "ተቀመጥ።"

ግማሽ ድንጋይ ደረሰኝ። ጥዱ ከፊታችን ነው። እናታችን የቆመችበት ቦታ ሣር በቅሎበታል።

እታለም ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ለጠላው ግን በዝቶ ነበር" አለች።

"ለጠላው አልነበረም" አልኋት።